እግሯ እየቀዘቀዘ ራሷ ይነድ ነበር

በ1974 ዓ.ም.፣ ጥቅምት ገብቶ ነው። ክረምቱ ወጥቷል፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ገብሱ ግን ለአጨዳ ደርሷል። ቤታችን ከቡሬ ወደ ገጠር ገባ ብሎ ከአንድ ዳገት አናት ላይ ነው። ውሃው ከታች ነው፤ እንጨቱም ከታች ነው። በእኛ አገር ሴት ልጅ ማለት ዳገት የምትወጣ ማለት ነበር።

ልጄ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከእርሷ በፊት ሁለት ልጆች ቀብሬያለሁ። እርሷን እግዚአብሔር አቆየልኝ። ከወገቧ በላይ ደልደል ያለች፣ እግሯ ግን እንደ መቃ የቀጠነ ልጅ ነበረች። ከታጨች ቆይታለች። «ትንሽ ትጠንክር» እያልኩ እኔ ነበርሁ የማዘገየው። በዚያ ዓመት ግን የማዘገይበት ምክንያት አለቀብኝ፤ ሽማግሌ መጣ፣ ባለቤቴ ቃል ሰጡ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ራስ ምታቱን መጀመሪያ የነገረችኝ ገብስ ስናጭድ ነው። ማጭዷን ጣለችና ቀና ብላ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

«እምዬ፣ ልቤ ራሴ ውስጥ ገባ እንዴ? እዚህ ነው የሚመታው» አለችኝና ጆሮ ግንዷን ነካች።

ሳቅሁ። «ልብሽ ከቦታዋ ናት። ፀሐይ ነው። ሻሽሽን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ግን ዐይኔ ከእርሷ ላይ አልተነሣም። ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል ምንም አይላትም። መሠረተ ትምህርት ቤት ተቀምጣ ፊደል ስትቆጥርም ደህና ናት። እንስራ ተሸክማ ዳገቱን ስትጀምር ነው የሚነሣባት። እመንገድ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ትንሽ ስታርፍ ቀስ እያለ ይለቃታል። ስትነሣ ደግሞ ይነሣል። ግንባሯን ስነካው ይነዳል። እግሯን ስነካው ይቀዘቅዛል።

የእግሯን ነገር ግን ከሕፃንነቷ አውቀዋለሁ። ማታ የአባቷን እግር ታጥባለች፤ ከዚያ በተረፈው ሙቅ ውሃ እኔ የእርሷን አጥባለሁ። ጣቶቿ የወንዝ ድንጋይ ናቸው። ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆይቼ ሳወጣቸው እንኳ አይሞቁም። ተፈጥሮዋ ነው ብዬ ትቼው ነበር። እግር ከራስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የክርስትና እናቷ ጎረቤታችን ናት፤ ቀልድ የምትወድ፣ መድኃኒት የምታውቅ ሴት ናት። ዳማከሴ ቀጥፋ መጣች።

«ምች ነው» አለችኝ። «ታጥባ ፀሐይ ላይ ወጥታ ነው።»

«አልታጠበችም» አልኳት።

«እንግዲያው ሳትታጠብ መትቷታል። ምች ንጹሕና ቆሻሻ አይመርጥም!»

ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ ግንባሯን ቀባቻት፤ ጭማቂውንም በአፍንጫዋ አስገባችላት። ልጄ እያስነጠሰች፣ «እሜቴ፣ ራሴን ሊያድኑ መጥተው አፍንጫዬን ገደሉት» አለቻት።

«አፍሽማ አልታመመም! አይዞሽ፣ ይሄ የሙሽራ ራስ ምታት ነው። ጥር ሲመጣ ራሱ ይለቅሻል።»

ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ አልቆየም። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ከአፍንጫዋ ደም ወረደ። ነጠላዋ ራሰ። አንገቷን ወደ ኋላ ይዤ ግንባሯ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አደረግሁ፤ አልቆም አለ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። አንዷ «የሰው ዐይን ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «ሙሽራ ናት፣ ሸፍኗት» ትላለች። ደሙ እስኪቆም ነጠላዬን በአፍንጫዋ ላይ ይዤ ቆየሁ። ሁለቱን የቀበርሁበት ፍርሃት ተመልሶ መጣብኝ። 

ጠበል ወሰድኳት። ጠበላችን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ገደል ውስጥ ነው። ስትወርድ ደህና ናት። ተጠመቀች፤ ካህኑ በመስቀል ባረኳት፤ ጠጣች። ሰውነቷ ቀለል አላት፣ ፊቷም በራ። እኔም ተመስገን አልሁ። ስንመለስ ግን ከዳገቱ ግማሽ ላይ ራሷን ያዘች፤ እግሯ ታጠፈና ከመንገዱ ላይ ተቀመጠች። ዐይኗን ጨፍና ታቃስታለች።

ከኋላችን የሚወጡት ሰዎች ከበቡን። መንፈስ ሊለፈልፍ ነው ብለው አሰቡ። አንድ ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ በትልቅ ድምፅ፣ «ማን ነህ? ተናገር! ከየት ነው የያዝካት?» አላት።

ልጄ ዐይኗን ገልጣ አየችው። «እኔ ነኝ እንጂ! ሌላ ማን ይኖራል? ራሴን አሞኝ ነው» አለችው።

«ይዋሻል» አለ ሰውየው ለሌሎቹ። «መቼ እውነት ይናገራል!»

ሰዎቹን በእጄ ገፋሁና አጠገቧ ተቀመጥሁ። አንገቷን ያዝሁ። የአንገቷ ሥር ከእጄ በታች ይዘላል፤ የተያዘች ወፍ ይመስላል። ጫማዋን አወለቅሁና እግሯን ጨበጥሁት፤ ምንም አይመታም፣ በረዶ ነው። ድንግል ማርያምን ጠራኋት። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። ስታርፍ ለቀቃት፤ በጀርባዬ ላዝላት ብላት እንቢ ብላ እየቆመች እየተቀመጠች ቤት ደረሰች።

ቀጥሎ ዋግምት ሆነ። የክርስትና እናቷ ናት ያመጣችው። «ደሟ በዝቶ ነው። አላየሽም፣ በአፍንጫዋ መውጫ ሲያጣ?» አለችኝ። እውነት መሰለኝ። ከወንዙ ማዶ ያሉ፣ ዋግምት የሚያደርጉ አሮጊት መጡ፤ አገር ያመናቸው ናቸው። ቀንዳቸውንና ምላጫቸውን ይዘው ልጄን ከደጅ፣ ብርሃን ካለበት አስቀመጧት። እኔ ራሷን ያዝሁ።

ጆሮ ግንዷን በምላጭ በጣ አደረጉት። ቀንዱን ሳይደፉበት ደሙ ዘለለ። ወረደ አልልም፤ ዘለለ። የአሮጊቷን ቀሚስ መታ፤ ልብ እንደሚመታ እየመታ፣ ቆም እያለ፣ እንደገና ይዘላል።

«በስመ አብ!» አሉ አሮጊቷ። ቀንዱ ከእጃቸው ወደቀ። በመዳፋቸው ጫኑት። በጣቶቻቸው መካከል ይወጣል። የክርስትና እናቷ ቀልዷ ሁሉ ጠፍቶ ከምሰሶው ጥግ የሸረሪት ድር ለቅማ አመጣች፤ በዚያ ላይ ጨርቅ አድርገን ሁለታችንም ጫንን። ልጄን አላያትም፤ ፊቷን ማየት ፈርቼ የአሮጊቷን እጅ ነው የማየው። እጃቸው እስከ አንጓው ድረስ ደም ሆኖ ነበር። ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

በኋላ ቆመ። ልጄ ፈገግ አለች። «ቀለለኝ፣ እምዬ» አለችኝ። «ከበሮው ተወኝ።»

መሬት ሳምሁ። አሮጊቷ ግን ምላጫቸውን እያጠቡ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ «ቸኩለሽ ደስ አይበልሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

«ምነው? ቀለላት እኮ።»

«ደም ይወርዳል እንጂ አይዘልም። ከውስጥ የሚገፋው ነገር አለ። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ሁለተኛ ምላጭ አላስነካትም። ሐኪም ቤት ውሰጃት።»

ጠባሳው ዛሬም አለ። ሻሿን ስትፈታ አየዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

ጥቂት ቀን ደህና ሆነች። ከዚያ አንድ ጠዋት የውሃ እንስራ ተሸክማ ከደጅ ስትደርስ፣ «እምዬ፣ አንድ ዐይኔ ጨለመ» ብላ ቆመች። እንስራውን ተቀበልኋት። ቆይቶ ዐይኗ ተመለሰ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ አልጠበቅሁም።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ቃል የሰጡ ሰው ነበሩ። «ሐኪም ቤት ስትገባ አማቶቿ ቢሰሙስ? ‘በሽተኛ ሊሰጡን ነው’ ቢሉስ?» አሉኝ።

«አይሰሙም» አልኋቸው።  በማግስቱ ሳልጠይቃቸው ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት አምጥተው ሰጡኝ። «ለገበያ ነው ብያቸዋለሁ፤ ከጠየቁሽ ገበያ በይ» አሉኝ። በቅሎዋን ጭነው ልጃቸውን በእጃቸው አንሥተው አስቀመጧት።

ቡሬ ላይ በቅሎዋን ከዘመድ ቤት አሰርሁ። ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ እህል የጫነ መኪና ተገኘ፤ ከጆንያው ላይ ወጣን። ኬላ ላይ መኪናው ቆመ። በዚያ ዘመን ኬላ ያስፈራል፤ የሚወርድ ሰው ሁልጊዜ ተመልሶ አይሳፈርም። አንድ ወታደር ወደ ላይ አንጋጦ አየን።

«እናንተስ ወዴት ናችሁ?»

ገበያ ልል አሰብሁ። አፌ እንቢ አለኝ። «ሐኪም ቤት ነው፣ ልጄ። ታማለች።»

«ሁሉም ታማለች ይላል። ምኗን ነው?»

«ራሷን።»

«ራሷን!» ብሎ ሳቀ። «እኔንም ያመኛል። ሻሿን ትፍታ እስቲ።»

ልጄ ፈታች። የዋግምቱ ቁስል ገና አልደረቀም። ወታደሩ ሳቁን ተወ። ልጅ ነው፤ ከልጄ በጥቂት ቢበልጥ ነው። «የእኔም እናት ዋግምት ታስደርገኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ሹፌሩን በእጁ ጠቁሞ አሳለፈን።

ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ስንደርስ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ከዛፍ ሥር ተቀምጠን ተራ ጠበቅን። ሲጠሩን ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጢሙን ለመላጨት ጊዜ ያጣ፣ ዐይኑ የቀላ። ሳያየን ይጽፋል።

«ምኗን ነው?»

«ራሷን ነው፣ ጌታዬ።»

«መቼ መቼ?»

«ስትሠራ። ዳገት ስትወጣ። ስታርፍ ይተዋታል።»

ብዕሩን አቆመና ቀና አለ። «ስታርፍ ይተዋታል?»

«አዎ ጌታዬ።»

የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ በክንዷ ላይ ጠቀለለና ነፋው። አየና እንደገና ነፋው። ወደ ግራ ክንዷ ዞረ።   ከዚያ ጫማዋን እንድታወልቅ ነገራት፤ ያን ጨርቅ በጭኗ ላይ ጠቀለለ። ልጄ አፈረች፤ እኔን አየችኝ። «አይዞሽ» አልኳት፤ የራሴ ድምፅ ግን የሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ። በጣቱ ከእግሯ ገጽ ላይ የሆነ ነገር ፈለገ፤ መርፌ የጠፋበት ሰው ምንጣፍ እንደሚዳስስ ቆይቶ ፈለገ። አላገኘውም።

«እግሯ ሁልጊዜ እንዲህ ይቀዘቅዛል?» አለኝ።

ደነገጥሁ። ያን ከእኔ ሌላ ማንም አያውቅም ነበር። ራሷን ብዬ ላመጣት ልጅ እግሯን ጠየቀኝ። «ከተወለደች ጀምሮ» አልሁት።

ማዳመጫውን ከደረቷ ላይ አደረገ፤ ከዚያ ወደ ጀርባዋ አዞረው። በሁለቱ ትከሻዎቿ መካከል ላይ ረጅም ጊዜ አቆየው። ከዚያ ከእኔ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ራሷ ጤነኛ ነው» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ፤ ቸኮልሁ።

«በሽታው የልብ ነው።»

«ልቤን ግን አሞኝ አያውቅም ትላለች። ራሷን ነው።»

«አውቃለሁ። ከልቧ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር አንድ ቦታ ላይ ጠቧል። ከተወለደች ጀምሮ ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ራሷና ወደ እጇ የሚሄደው ደም ከጠበበው ቦታ በፊት ይወጣል። ወደ እግር የሚሄደው ግን በዚያ በጠበበው ማለፍ አለበት። ልብ ይህን ለማሳለፍ በኃይል ይገፋል፤ ግፊቱ ወደ ራሷ ይወጣል። ስትሠራ ደግሞ ይብሳል።»

ገባኝ። እኛ ከወንዝ ቦይ ቀድደን መስክ እናጠጣለን። ቦዩ መካከል ላይ ናዳ ሲወርድበት የላይኛው ማሳ በጎርፍ ይጠፋል፣ የታችኛው ይደርቃል። ልጄ ከላይ ጎርፍ፣ ከታች ድርቅ ሆና አሥራ ሰባት ዓመት ኖራለች። ውሃ አስቀዳኋት፣ እንጨት አሸከምኋት። ያ ሁሉ እየገፋት ነበር።

«ምን ይመጣባታል?» አልሁት።

ወደ ልጄ አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ። «ግፊቱ እንዲህ ከቆየ በራሷ ውስጥ ያለ ሥር ሊፈነዳ ይችላል። ልቧም ይደክማል። ግፊቱን የሚቀንስ ክኒን እሰጣችኋለሁ። መድኃኒቱ ግን የጠበበውን አያሰፋውም። አዲስ አበባ ወስደው ለልብ ሐኪሞች ያሳዩዋት፤ በቀዶ ጥገና የሚስተካከል ከሆነ እነርሱ ያውቃሉ። ወረቀት እጽፍላችኋለሁ።» መጻፍ ጀመረ። «አግብታለች?»

«ለጥር ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እናቴ፣ ይህች ልጅ ሳትታከም ብታረግዝ ሥሩ አይችልም። ስትወልድ ሁለቱንም ልታጡ ትችላላችሁ። ሳትታከም አትዳሯት።»

ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ ረሳሁ። የጥርን ወር ብቻ ነው ያየሁት፤ ሊመጣ ጥቂት ነው የቀረው፤ ድንኳኑ፣ ዘፈኑ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ወር፣ ሌላም ወር። ልጄን በገዛ እጄ፣ እልል እያልሁ፣ ወደዚያ ልልካት ነበር።

ልጄ ሁሉንም ሰምታለች። «ዳገትም አልወጣም ማለት ነው?» አለችው።

«ዳገትም አትውጪ፤ ሸክምም አትሸከሚ።»

«ታዲያ እምዬን ማን ያግዛት?» አለች። ለራሷ ሳይሆን ለእኔ አሰበች። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

ስንወጣ ፈራ ተባ እያልሁ ስለ ጠበሉ ጠየቅሁት፤ ይከለክለኛል ብዬ ነው። «ጠበሉን አትተዉ» አለኝ። «ግን ወደ ጠበሉ እርሷ አትውረድ፤ ጠበሉ ወደ እርሷ ይምጣ።» እግዚአብሔር ይስጠው። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ፍኖተ ሰላም አድረን በማግስቱ ቤት ገባን። ለባለቤቴ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኋቸው። እግራቸውን እየታጠቡ ነበር፤ ያን ቀን ያጠብኋቸው እኔ ነኝ። እግራቸውን ከውሃው አወጡ።

«ቃሌስ?» አሉ። «ጠጅ ተጠጥቶበታል። ትዳርና ከዚያ እናሳክማታለን ብንልስ?»

«ከተቀበረች በኋላ?»

«አንቺ ሴትዮ!»

«ሁለት ቀብረናል» አልኋቸው። «እኔ ሦስተኛ አልቀብርም።»

«ሽማግሌ ሰብስቤ ላስመልስ ብል እንኳ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ምን ብዬ ነው የምናገረው? ሴት ልጄ በሽተኛ ናት ብዬ በአገር ፊት?» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። 

በማግስቱ ጠዋት ለልጄ ክኒኗን ሰጥቼ፣ የክርስትና እናቷን ከአጠገቧ አስቀምጬ ብቻዬን ወጣሁ። የሄድሁት ወደ አማቶቿ ቤት ነው። በእኛ አገር የሙሽሪት እናት ሠርግ ሳያልፍ የሙሽራውን ደጅ አትረግጥም፤ ቃል የሚያስርም የሚፈታም ወንድ ሽማግሌ ነው።  ከአጥሩ ውጭ ቆሜ የሙሽራውን እናት ጠራኋቸው። ሲያዩኝ ደነገጡ።

«ምነው በደህና? እርስዎ ምን ያመጣዎታል እዚህ?»

«ሠርጉን ላፈርስ ነው የመጣሁት።»

«ለማን ሰጣችኋት?» አሉ ወዲያው። ፊታቸው ጠቆረ።

«ለማንም። ልቧን ታማለች። ራስ ምታቷ ከልቧ ነው አለኝ ሐኪሙ። ብትወልድ ትሞታለች።»

አማተቡ። ከዚያ ቁጣው ተመለሰባቸው። «ብቅል አብቅያለሁ። ዘመድ ጠርቻለሁ። ልጄን በሰው ፊት አዋረዱት።»

«አዎ። ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። 

ይቅር አላሉኝም። ዞሬ ስሄድ ግን ከኋላዬ ጠሩኝ። ከአጥሩ በር ላይ ቆመዋል፤ ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው አድርገዋል።

«የክርስትና ስሟን ይንገሩኝ» አሉኝ። «በጸሎት ላስብላት።»

ነገርኋቸው። ከዚያ ወደ ቤት አልተመለስሁም፤ የአዲስ አበባው አውቶቡስ በየትኛው ቀን እንደሚያልፍ ልጠይቅ በቀጥታ ወደ ቡሬ ሄድሁ።